የነከሰው ብርዝ

ባለፈው ገና ዋዜማ ንፋስ መውጫ ልጄ ቤት ሄድሁ። ስገባ ምራቴ በባልዲ ማር ትበጠብጣለች። ከሚመጡት እንግዶች የሚያሰክር የማይቀምሱ ስላሉ ብርዝ እያዘጋጀችላቸው ነው። «እማማ፣ እስቲ ይቅመሱልኝ፤ ውኃው በዛ እንዴ?» አለችኝ። ጎንበስ ስል ያ ሽታ አፍንጫዬን ያዘው። ማር ቀዝቃዛ ውኃ ሲነካው የሚያወጣው ሽታ ነው፤ አበባ አበባም ይላል፣ ሰም ሰምም ይላል፣ ከሥሩ ደግሞ እርጥብ ሸክላ ይከተለዋል። ባልዲው ፕላስቲክ ሆኖ ሳለ ሸክላው ከየት እንደ መጣ እንጃ። ቀመስሁ። ደገምሁ። ስሠልስ ልጄ ሳቀና «እናቴ፣ ከዚህ ውስጥ የጠፋብሽ ነገር አለ?» አለኝ።

ልጆቼ ፈሪ እንደሆንሁ ያውቃሉ። የተከደነ ዕቃ እፈራለሁ። ልጅ ዝም ሲል እፈራለሁ። እንግዳ መጠጥ ወደ አፉ ሲያስጠጋ ዓይኔን ከከንፈሩ አላነሣም። እንዲህ የሆንሁበትን ነገር ለማንም ነግሬ አላውቅም፤ አሁን ግን የሚያስቀይመው ሰው ሁሉ አልፏልና ልጻፈው። ፊደል የቆጠርሁት ልጆች ከወለድሁ በኋላ በመሠረተ ትምህርት ነው፤ እንደማወራው ነው የምጽፈው።

ጊዜው የጃንሆይ ነው። እኔ ስምንት ወይም ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ቤታችን ስማዳ፣ ከወገዳ የግማሽ ቀን መንገድ ርቆ፣ ገብስና ባቄላ ከሚበቅልበት ደጋ ላይ ነው። ከበራችን ቆመው ቁልቁል ሲያዩ ቆላው እንደ ጉም ይታያል። ማር የሚመጣው ከዚያ ነበር፤ አባቴ ባቄላ በአህያ ጭኖ ይወርድና በማር ለውጦ ይመለሳል።

የምነግረው ነገር ከሆነበት ገና በፊት በነበረው ጥምቀት አባቴና ታላቅ ወንድሙ አያ ውበቱ ጠጅ ጠጥተው በድንበር ድንጋይ ተጣሉ። ድንጋዩ አንድ ክንድ ያህል ወዲህ መጥቷል፣ አልመጣም፤ ነገሩ ይኸው ነው። አባቴ ዱላውን ሰነዘረና የአያ ውበቱን ቀኝ ክንድ ሰበረው። ወጌሻ አሰረው፤ ሲድን ግን ጎብጦ ዳነ። ሽማግሌ ገባ። የነፍስ አባታችን መምሬ አለሙ አባቴን እስከሚመጣው ጥምቀት ድረስ ጠላም፣ ጠጅም፣ አረቄም እንዳይቀምስ ገዘቱት። ዓመቱን ከጠበቀ እርቁ ይጸናል። ግዝቱን ካፈረሰ ግን አያ ውበቱ ክሱን ወረዳ ፍርድ ቤት ይወስደዋል፤ አባቴም እስር ቤት ይወርዳል። እናቴ ያን ዓመት ሙሉ ስታርም፣ ስትፈትል፣ ስትፈጭ «እስር ቤት» የምትለው ቃል ከአፏ አይጠፋም ነበር።

እኔ ሲገዝቱት አይቻለሁ። መምሬ አለሙ መስቀላቸውን አባቴ ትከሻ ላይ አስደግፈው ነው የተናገሩት። ስለዚህ ግዝት ማለት ትከሻ ላይ የሚቀመጥ፣ የሰውየውን አፍ የሚጠብቅ፣ ሲሳሳት የሚጥለው ነገር መሰለኝ። አባቴ ወንዝ ወርዶ ገላውን ሲታጠብ ተጠግቼ ትከሻውን አያለሁ።

«ምንድን ነው የምታይው?» አለኝ አንድ ቀን።

«ምንም።»

«ቅማል ካገኘሽ አትደብቂኝ፤ ሁለታችንም እንካፈላታለን።»

ምልክት አላገኘሁም። ባላገኝም አላመንሁም፤ ግዝቱ የሚተኛበት ሰዓት ቢኖር ነው ብዬ ተውሁት።

አባቴ በየማኅበሩና በየዝክሩ ዋንጫውን ደፍቶ ይቀመጥ ነበር። ጓደኞቹ አይምሩትም። «ታደገ፣ ከጥጃዎቹ ጋር ወንዝ ትወርዳለህ አሉ» ይሉታል። እሱም «ጥጃው ይሻላል፣ የጠጣውን ያውቃል» ይላል። ይስቃሉ፤ እሱ ግን ቶሎ ይነሣል። ጨዋታ የሚወድ ሰው ነበር። ውኃ ይዞ ከሚጫወቱ ሰዎች ጋር መቀመጥ እንዴት እንደሚያደክም ያን ዓመት ከፊቱ ተማርሁ።

ከዚህ ድካም ያወጡት እማሆይ ናቸው። እማሆይ ወለተ ማርያም የአባቴ አክስት ናቸው፤ ባላቸው ሲሞት መንኩሰው ከግቢያችን ጥግ በአንዲት ጎጆ ይኖሩ ነበር። ከመነኮሱ ጀምሮ የሚያሰክር ነገር አይቀምሱም። ብርዝ ግን ይበጠብጣሉ፤ በአገሩ እንደሳቸው የሚበጠብጥ የለም ይባላል። «ሰው እንደ ሰው ሲቀመጥ ብርሌ ሊይዝ ይገባዋል» አሉና ለመስቀል ለአባቴ በጠበጡለት። ብርዙ በጠጅ ብርሌ ተቀድቶ ሲያዩት ከጠጅ አይለይም። አባቴ ያን ቀን እንደ ድሮው እስኪመሽ ተጫወተ።

ሲበጠብጡ ከአጠገባቸው አልጠፋም ነበር። መጀመሪያ እንስራው ይመረጣል። ጠጅም ጠላም ያልገባበት አዲስ እንስራ መሆን አለበት፤ «ሸክላ የጠጣውን አይረሳም» ይላሉ። በግራዋ ቅጠል ታሽቶ ይታጠባል፤ ከዚያ በወይራ ጭስ አፉን ተደፍቶ ይታጠናል። ውኃው የሌሊት ብርድ ያደረበት የምንጭ ውኃ ነው። ማሩን ከነሰሙ ውኃው ውስጥ ያገቡና እጃቸውን እስከ ክርን አስገብተው ያሹታል። ውኃው መጀመሪያ ይደፈርሳል፣ ቀጥሎ ገብስማ ይሆናል፣ በመጨረሻ እንደ ፀሐይ መግቢያ ይሆናል። ሰፈፉ ሲንሳፈፍ በነጭ ጨርቅ ያጠልሉታል። ሰሙን ለጧፍ ያስቀምጡታል፤ ጣታቸውን ደግሞ ለእኔ ይሰጡኛል። ከማር ይልቅ የእማሆይ ጣት ይጣፍጥ ነበር፤ ትንሽ የወይራ ጭስ፣ ትንሽ የመቁጠሪያ ላብ አለው።

«እማሆይ፣ ጠጅም ማርና ውኃ ነው፣ ብርዝም ማርና ውኃ ነው። አንዱ ክንድ ይሰብራል፤ አንዱ አይሰብርም። ለምን?»

«ጠጅ ጌሾ አለዋ። ጌሾና ቀን።»

«ጌሾ ውስጥ ምን አለ?»

«እኔ ገብቼ አላየሁም።»

«ቀኑስ ምን ይሠራል?»

«አንች ልጅ፣ አፍሽን ለምግብም ተይለት።»

ጌሾ ከቤታችን ጀርባ አንድ ቁጥቋጦ ነበረን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራዬ እሱን መጠበቅ ሆነ። ቁጣው ቅጠሉ ውስጥ ከሆነ ፍየሏ ስትበላው ማየት ነው ብዬ ሰጠኋት። በላች፤ አመሰኳች፤ ማንንም አልመታችም። ለአውራ ዶሮው ሰጠሁት። እሱ ድሮም ተደባዳቢ ስለነበር ከጌሾው ይሁን ከጠባዩ መለየት አቃተኝ። አንዱን ቅጠል እኔው አኘክሁት፤ መረረኝ እንጂ ማንንም መምታት አላሰኘኝም። እንግዲያስ ቁጣው ከማሩ ጋር ሲገናኝ ነው የሚነሣው ብዬ ደመደምሁ። ግን አላየሁትም። አለማየቴ ነው ያሳበደኝ።

ታኅሣሥ ላይ አያ ውበቱ መልእክት ላከ። «ገናን ከእናንተ ቤት እውላለሁ። የሚጠጣውን በዓይኔ አያለሁ» አለ። ከተጣሉ ጀምሮ ደጃችንን ረግጦ አያውቅም። እናቴ መልእክቱን እንደ ሰማች ግድግዳውን በአመድና በጭቃ ደግማ ለቀለቀችው፤ መደቡን ጠረገች፤ ከዚያ ተቀመጠችና አለቀሰች። አባቴ ግን ደስ ብሎት ቆላ ወርዶ የግራር ማር ይዞ መጣ።

እማሆይ ብርዝ በዋዜማው ነው የሚበጠበጥ ይሉ ነበር። ያን ጊዜ ግን የጾሙን መጨረሻ ቀናት ከቤተ ክርስቲያኑ አጸድ ሱባኤ ሊይዙ ሆነ፤ የሚመለሱት ገና ዕለት ከቅዳሴ በኋላ ነው። ስለዚህ አራት ቀን ሲቀረው በጠበጡት። እንስራውን ከቤቱ በጣም ብርድ ከሆነው ጥግ፣ ከጎታው ኋላ አስቀመጡና አፉን በጨርቅ ሸብበው አሰሩት።

«የደጋ ብርድ ይጠብቀዋል» አሉ ለእናቴ። «ከእሳት አታስጠጊው፤ ክዳኑን የሚነካ እንዳይኖር።» ይህን ሲሉ የሚያዩት እኔን ነበር።

እሳቸው ከወጡ በኋላ አንድ ቀን ታገሥሁ። በማግሥቱ እናቴ ውኃ ልትቀዳ ስትወጣ ጨርቁን ፈታሁ። በቅል አንድ ጊዜ ጠለቅሁ፤ ሦስት የጌሾ እንጨት ሰብሬ ጨመርሁበት፤ አፉን በቅጠል ወትፌ ከምድጃው አጠገብ ከማገዶው ሥር ደበቅሁት። እናቴ ጠጅ ስትጥል ሙቀት ትሻለት ስለነበር ከዚያ የተማርሁት ነው።

ቀን ቀን ሰው ሲወጣ ቅሉን ጆሮዬ ላይ አደርጋለሁ። መጀመሪያ ዝም አለ። በማግሥቱ ጠዋት ግን ድምፅ ሰማሁ። ብዙ ጉንዳን በደረቅ ቅጠል ላይ ሲሄድ እንደሚያሰማው ያለ፣ ስስ ሹክሹክታ ነው። ቅጠሉን ሳነሣው ተንፈስ አለና ነጭ አረፋ ፊቴ ላይ ረጨ። ጣቴን ነክሬ ቀመስሁ። ምላሴን ወጋኝ። ወንድም ከወንድም የሚያጣላውን ነገር በእጄ ይዤዋለሁ፤ ይተነፍሳል፤ ይናገራል። እንደዚያ ቀን የተደሰትሁበት ጊዜ ትንሽ ነው።

ደስታዬ አልቆየም። እናቴ ለእንግዳ ቦታ ልታሰፋ ብላ እንስራውን ከጎታው ኋላ ጎትታ አወጣችው። «ምነው ቀለለኝ?» አለች ለራሷ። ጨርቁን ፈትታ ወደ ውስጥ አየች። «ይኸን ብርዝ ማን ጠጣው?» አለች። ወደ ደጅ ስትወጣ እኔ ቶሎ ብዬ የጌሾውን እንጨት ከቅሉ ለቀምሁና የቀረውን መልሼ እንስራው ውስጥ ገለበጥሁት። የተሰረቀ ነገር ወደ ቦታው ሲመለስ ስርቆቱ የሚሰረዝ መስሎኝ ነበር። እናቴም ተመልሳ እንስራውን አስጠግታ አስቀመጠችው። ያስጠጋችው ከምድጃው አጠገብ ካለው ግድግዳ ነው፤ የእማሆይን ትእዛዝ እንግዳው አስረስቷት ነው።

የገና ዕለት ከቅዳሴ በኋላ አያ ውበቱ መጣ። ጋቢውን በግራ ትከሻው ጣል አድርጎ፣ ቀኝ እጁን ከጋቢው ሥር ሸሽጎ ገባ። አባቴ ጉልበቱን ሊስም ዝቅ ሲል «ተው፣ ተነሥ» አለው፤ አላቀፈውም፣ አልገፋውምም። እማሆይና መምሬ አለሙ ከቤተ ክርስቲያን አብረው መጥተው መደቡ ላይ ተቀመጡ። ምግቡ ቀረበ። እናቴ ለአያ ውበቱ ጠላ ልትቀዳ ስትነሣ በእጁ ከለከላት።

«እሱ የሚጠጣውን ስጭኝ።»

«ጠጁም አለ፣ አያ» አለች እናቴ።

«እሱ የሚጠጣውን።»

ብርዙ በብርሌ ተቀዳ። ለአባቴ አንድ፣ ለአያ ውበቱ አንድ። ከጎታው አጠገብ ሆኜ ሳየው በብርሌው አንገት ዙሪያ ጥቃቅን አረፋ ተሰካክቷል። እኔ ያንን አረፋ አውቀዋለሁ። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ፤ እስከዚያ ድረስ ያን አንድ ቅል ከእንስራው ጋር አላገናኘሁትም ነበር። አባቴ ብርሌውን አነሣ። «አትጠጣ» ልል አፌን ከፈትሁ፤ ቀደመኝ። ጠጣ። ትከሻውን አየሁት። አሁን ይወድቃል ብዬ ጠበቅሁ። አልወደቀም፤ ብርሌውን ዝቅ አድርጎ ምላሱን ላንቃው ላይ አዞረና ግንባሩን ቋጠረ።

አያ ውበቱም በግራ እጁ ይዞ ተጎነጨ። ዋጠ። ብርሌውን ወደ ብርሃኑ አንሥቶ አየው።

«ይህ ይነክሳል» አለ።

ወደ አባቴ ዞረ።

«ታደገ፣ ዓመቱን ሁሉ ብርዝ ጠጣሁ የምትለው ይኸን ነው?»

«አያ፣ አንተ ሙት፤ ዛሬ ምን እንደሆነ እንጃ። የጠጣሁት ሁሉ እንዲህ አልነበረም።»

«ዛሬ ለእኔ ብቻ ነዋ የነከሰው» አለና ብርሌውን መሬት ላይ አስቀመጠ። ጎባጣውን ክንዱን ከጋቢው ሥር አወጣና ጉልበቱ ላይ አኖረው። ይኸን ያህል ጊዜ ሸሽጎት የቆየውን ማውጣቱ ከንግግሩ ይልቅ አስፈራኝ። «መምሬ፣ እርስዎም አሉ፤ እማኝ ይሁኑኝ» አለ። እናቴ በነጠላዋ አፏን ያዘች። መምሬ አለሙ ብርሌውን ለመቅመስ እጃቸውን ሰነዘሩ።

እማሆይ ቀደሟቸው። «ወዲህ በሉልኝ፤ የበጠበጥሁት እኔ ነኝ፣ የምጠየቀው እኔ ነኝ» አሉ። ብርሌውን ከአያ ውበቱ ፊት አንሥተው ተጎነጩ። አንድ ጊዜ እንደ ጠጡ ዓይናቸው ወደ እኔ ዞረ። እኔ በጎታውና በግድግዳው መካከል ገብቼ፣ ሁለት እጄን አፌ ላይ አድርጌአለሁ። ብዙ አላዩኝም፤ በቃቸው። ከዚያ ብርሌውን መልሰው አንሥተው የቀረውን እስከ ሥሩ ጨለጡት።

«ብርዝ ነው» አሉ።

«ይነክሳል እኮ፣ እማሆይ» አለ አያ ውበቱ፤ አሁን ድምፁ ዝቅ ብሏል።

«ይነክሳላ። የቁልቋል ማር ነው። የቁልቋል ማር ጉሮሮ እንደሚይዝ አታውቅም እንዴ? ደጋ ላይ ተቀምጠህ ማር ልታስተምረኝ ነው?»

አያ ውበቱ አያቸው፣ ባዶውን ብርሌ አየ። ከሠላሳ ዓመት በላይ የሚያሰክር ያልቀመሱ መነኩሴ በፊቱ ጨልጠዋል። «እርስዎ ካሉ ምን እላለሁ» አለና ጎባጣ ክንዱን ወደ ጋቢው መለሰ። ለእናቴ «ሌላ ቅጅልኝ» አላት። ቀዳችለት። ሦስተኛውን ሲጨርስ «የቁልቋል ማር ደግ ነገር ነው፤ በልጅነታችን ይኸን ማን ከለከለን?» አለና አባቴን በግራ እጁ ጀርባውን መታው። አባቴ ሳቀ፤ ግን ከመጀመሪያው ብርሌ አልጨመረም። ሌላውን ሁሉ ለወንድሙ አሳለፈለት። መምሬ አለሙ ጠላቸውን ጠጡ።

እንግዶቹ ሲሄዱ እማሆይ ወደ ጎጆአቸው ጠሩኝ። ሁሉንም ተናገርሁ፤ ቅሉን፣ ጌሾውን፣ ሹክሹክታውን፣ የገለበጥሁትን።

«አባዬ ይሞታል?»

«ሁላችንም እንሞታለን። በዚህ ግን አይሞትም። ሳያውቅ የጠጣ ግዝት አላፈረሰም።»

«እርስዎስ?»

«እኔማ አውቄያለሁ። መጀመሪያ ስጎነጭ አወቅሁ፤ ሁለተኛውን እያወቅሁ ጠጣሁ፤ ሦስተኛ ደግሞ ዋሸሁ።» መቁጠሪያቸውን ከአንገታቸው አውልቀው ጭናቸው ላይ አኖሩ። «ለመምሬ እናገራለሁ። አንች ለሰው አትናገሪም። እናትሽም ብትጠይቅሽ።»

ንስሐቸው እስከ ጥምቀት በየቀኑ አርባ አንድ ስግደት ሆነ። እኔን አትሰግጅም አሉኝ። የእኔ ቅጣት መቁጠር ነው። ጠዋት ጠዋት ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር በስተምሥራቅ በኩል እንሄዳለን፤ ሣሩ አመዳይ ይዞ ይነጣል። አርባ አንድ ባቄላ በቀሚሴ ጫፍ እይዛለሁ፤ እሳቸው ወድቀው በተነሡ ቁጥር አንዱን ወደ ሌላው እጄ አሳልፋለሁ። ባቄላው ሲያልቅ «መልሽው» ይሉኛል፤ ከመጀመሪያ እንጀምራለን። ጉልበታቸው እንደ ደረቅ እንጨት ይንቋቋል። ሲነሡ እጃቸውን መሬት ይመረኩዛሉ፤ ግንባራቸው ላይ አፈርና አመዳይ ይጣበቃል።

ለጥምቀት ሦስት ቀን ሲቀረው አያ ውበቱ አካፋ ይዞ መጣና ከአባቴ ጋር ወደ ማሳው ወረዱ። የድንበሩን ድንጋይ ነቅለው እንደገና ተከሉት፤ አያ ውበቱ በአንድ እጁ፣ አባቴ በሁለት። የት እንደ ተከሉት አላየሁም፤ ማንም አልለካውም። እናቴ ከዚያ በኋላ «እስር ቤት» አላለችም።

በማግሥቱ ጠዋት ብርዱ በጣም ከበደ። እማሆይ ሲነሡ አንድ ጊዜ ተንገዳገዱ። አሳዘኑኝና በአንድ ስግደት ሁለት ባቄላ ማሳለፍ ጀመርሁ። ትንሽ ከሄዱ በኋላ ተንበርክከው እንዳሉ ቆም አሉ።

«ዛሬ ባቄላው ፈጠነ።»

እጄን ጨበጥሁ።

«መልሽው። በውሸት ላይ ውሸት አትደርድሪብኝ፤ የያዝሁት ይበቃኛል።»

ያሳለፍሁትን መለስሁ። ግን ያስጨነቀኝን ጥያቄ አሁንም መያዝ አቃተኝ።

«እማሆይ፣ መምሬ አርባ አንድ አይደለም ወይ ያሉዎት? እርስዎ ለምን ሁለት ጊዜ ይሰግዳሉ?»

መዳፋቸውን ከሣሩ አንሥተው አመዳዩን በቀሚሳቸው ጠረጉ። ማንም እንዳይሰማ ይመስል ወደ ቤተ ክርስቲያኑ በር አዩ፤ ማንም አልነበረም።

«መምሬ ያዘዙኝ ለውሸቴ ነው» አሉ። «ሁለተኛውን እኔ ጨመርሁት። ስለጣፈጠኝ ነው።»

ከዚያ ወደቁ፤ እኔም አንድ ባቄላ አሳለፍሁ።